ከድልድሉ ወረቀት ጀርባ ያለው አገር፦ የኖብልስ ካውንቲ ታሪክና መልክዓ ምድር



በካኩማ የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። የአንድ ሰው ኬዝ አልቆ የሚሄድበት ቦታ ሲነገረው ጎረቤቱ ተሰብስቦ «የት ደረሰህ?» ይለዋል። «ሚኒሶታ» ካለ «ወይኔ በረዶው!» ይባላል፤ «ቴክሳስ» ካለ ደግሞ «እሱስ እንደኛው ሙቀት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። ሰውየው ሄዶ ሲደውልም የሚያወራው ስለ ሥራው፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ብርዱ ነው። አገሩ የማን እንደነበረ፣ እነማን እንደመጡበት፣ እኛን የሚቀጥር ሥራስ ለምን እዚያ እንደተገኘ አይነግረንም። እሱም ቢሆን አያውቀው ይሆናል፤ ከሥራ ወደ እንቅልፍ የሚኖር ሰው መቼ ጊዜ አግኝቶ ይጠይቅ?

ስለዚህ በዚህ እትማችን አንድ ቦታ መርጠን ታሪኩን ከሥሩ ልናወራችሁ ነው። የመረጥነው ኒውዮርክን ወይም ዋሽንግተንን አይደለም። በሚኒሶታ ስቴት ደቡብ ምዕራብ ጥግ የሚገኘውን፣ ኖብልስ ካውንቲ የሚባለውን የገበሬዎች አገር ነው። ዋና ከተማው ወርዚንግተን ይባላል። እዚያ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ወገኖቻችን ከሜክሲኮ፣ ከጓቲማላ፣ ከላኦስና ከበርማ ከመጡ ሰዎች ጋር ጎን ለጎን ቆመው ይሠራሉ።

«በሩ በተዘጋበት ጊዜ ስለዚያ ማውራት ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው እንዳለ እናውቃለን። አሜሪካ የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራሟን በጃንዋሪ 2025 ስታቆም ትኬት የተቆረጠላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ጉዟቸው ተሰርዞባቸዋል። የሸጡትን ዕቃ መልሰው የገዙ ቤተሰቦች አሉ። ነገር ግን ወንድሙ፣ እህቱ ወይም ልጁ እዚያ ያለ ሰው በመካከላችን ብዙ ነው። ደግሞም በርን መክፈትና መዝጋት ለዚያ አገር አዲስ ነገር እንዳልሆነ ከታሪኩ ትረዳላችሁ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አገሩ ምን ይመስላል?

ካውንቲ ማለት በእኛ ወረዳ እንደምንለው ያለ የአስተዳደር ክፍል ነው። ኬንያ ውስጥም ከ2013 ጀምሮ የምንኖረው ቱርካና ካውንቲ ውስጥ ስለሆነ ቃሉ አይከብደንም። በስፋት ግን አይገናኙም። ኖብልስ 1,870 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቱርካና ከሠላሳ እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። በ2020 በተደረገው ቆጠራ የካውንቲው ሕዝብ 22,290 ነበር። ካኩማና ካሎቤየ አንድ ላይ ሲቆጠሩ የኖብልስን ሕዝብ ከአሥር እጥፍ በላይ ይይዛሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ከዚህ ሰፈር የሄደ ሰው እዚያ ሲደርስ መጀመሪያ የሚገርመው ዝምታው ነው።

መሬቱ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ነበር። በጥንት ዘመን ግዙፍ የበረዶ ግግር እየተንሸራተተ መሬቱን ደልድሎት ሲቀልጥ ኩሬዎችን፣ ሐይቆችንና ረግረግን ትቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሺህ ዓመታት ረጅም ሣር እየበቀለ፣ እየሞተና እየበሰበሰ ጥቁር አፈር ሠራ። ከጎጃም ወይም ከአርሲ የመጣ ገበሬ አፈሩን ቢጨብጠው ወዲያው ነው የሚያውቀው።

በካውንቲው ውስጥ ከፍ ያለ ሸንተረር ያልፋል። ከሸንተረሩ አንዱ ወገን የወረደ ዝናብ ወደ ሚዙሪ ወንዝ ይሄዳል፤ በሌላው ወገን የወረደው ደግሞ በደሞይን ወንዝ አድርጎ ሚሲሲፒ ይገባል። ሁለቱ ውኃዎች የሚገናኙት ርቀው ወርደው ሴንት ሉዊስ አካባቢ ነው። ነፋሱም በዚያው ሸንተረር ላይ ይበረታል። ለዚህም ነው በ2010 በካውንቲው 201 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው።

የመሬቱን አከፋፈል ደግሞ ከላይ ሆኖ ያየ ሰው የዳማ መጫወቻ ይመስለዋል። ካውንቲው በሃያ አራት ማዕዘን ክፍሎች ተሸንሽኗል፤ እያንዳንዱ ክፍል በየጎኑ ስድስት ማይል ያህል ነው። መንገዱም በየማይሉ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ወንዝና ጋራ ያልወሰነውን ድንበር የወሰነው ቢሮ የተቀመጠ ሰው ማስመሪያ ነው። ማስመሪያው ከመምጣቱ በፊት ግን በመሬቱ ላይ ሰው ነበረበት።

መጀመሪያ የተባረሩት

የወርዚንግተን ከተማ ያለችበት ሐይቅ ኦካቢና ይባላል። ቃሉ የዳኮታ ሕዝብ ቃል ነው፤ ሽመላ የሚመስለው ባለ ረጅም እግር የውኃ ወፍ ጎጆ የሚሠራበት ቦታ ማለት ነው። ዳኮታዎች በዚያ ሜዳ ላይ ጎሽ ያድኑ ነበር። በ1851 በተፈረሙ ሁለት ውሎች ደቡባዊ ሚኒሶታን በአብዛኛው ለአሜሪካ መንግሥት ለቀው በወንዝ ዳር ባለች ጠባብ መሬት ላይ እንዲኖሩ ተደረገ። በለውጡ በየዓመቱ ገንዘብና ቀለብ ሊሰጣቸው ቃል ተገባ።

በ1862 ክረምት ገንዘቡ ዘገየ። ሕዝቡ ተራበ። እህሉ መጋዘን ውስጥ ነበር፤ ነገር ግን «ገንዘቡ ካልመጣ አይወጣም» ተባለ። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም፤ መጋዘን ሞልቶ ሰልፉ ላይ ባዶ ከረጢት መያዝ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ ጦርነት ፈነዳ፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው አለቀ፤ ምንም ያላጠፉ ሰፋሪዎችም ተገደሉ። ዳኮታዎች ተሸነፉ። በዲሴምበር 26 ቀን 1862 ማንኬቶ በምትባል ከተማ 38 የዳኮታ ወንዶች በአንድ ቀን ተሰቀሉ። በአሜሪካ ታሪክ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሰው በሞት የተቀጣበት ሌላ ቀን የለም።

ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች 1,600 ያህል ሆነው በፎርት ስኔሊንግ ሥር በታጠረ ካምፕ ውስጥ ያንን ብርድ አሳለፉ። በበሽታ ብዙዎች ሞቱ። በ1863 በወጣ ሕግ ዳኮታዎች ከሚኒሶታ እንዲወጡ ተደርጎ በጀልባ ተጭነው ክሮው ክሪክ ወደሚባል ደረቅ መሬት ተወሰዱ። ከጊዜ በኋላ ጥቂቶቹ ተመልሰው ዛሬ በሚኒሶታ አራት የዳኮታ ማኅበረሰቦች አሉ። በኖብልስ ግን የቀረው የሐይቁ ስም ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። አዲስ ሕይወት ልንጀምርበት የምንመኘው መሬት ከሌላ ሰው የተወሰደ መሬት ነው። ይህን ማወቅ ጥፋቱን የእኛ አያደርገውም። ነገር ግን ከቀዬው የተፈናቀለ ሰው የሌላውን መፈናቀል ሳያውቅ ቢኖርበት ነውር ይመስለናል።

መጠጥ የማይሸጥባት ከተማ

ካውንቲው በ1857 በወረቀት ላይ ተቋቋመ። ስሙን ያገኘው ዊልያም ኖብልስ ከሚባል የዚያን ጊዜ ሕግ አውጪ ነው። በ1870 አስተዳደር ሲቋቋምለት በቆጠራው የተገኘው ሰው 117 ብቻ ነበር።

ሰው ያመጣው ሁለት ነገር ነው፤ ሕግና ባቡር። በ1862 የወጣው የመሬት ሕግ አንድ ሰው ገብቶ አምስት ዓመት ካረሰና ከኖረበት 160 ኤከር መሬት በጥቂት የመዝገብ ክፍያ ይሰጠው ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ ይሆናል። ለመሬት ያልታደለ ገበሬ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ ግልጽ ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው እንኳ ዜጋ የመሆን ሐሳቡን ካስመዘገበ መብቱ ነበረው።

በ1871 ከኦሃዮ የመጡ ሁለት ሰዎች፣ ራንሰም ሂዩሚስተንና ሚለር የተባለ የጋዜጣ አዘጋጅ፣ ናሽናል ኮሎኒ የሚል ኩባንያ አቋቁመው በኦካቢና ሐይቅ ዳር ከተማ ለመመሥረት ተነሡ። ባቡሩም በ1872 ደረሰ። ከተማይቱ በሚለር አማች የአባት ስም ወርዚንግተን ተባለች። መሥራቾቹ መጠጥ የሚጠሉ ሃይማኖተኞች ስለነበሩ በከተማዋ አልኮል እንዳይሸጥ ወሰኑ።

ነገሩ ብዙ አልቆየም። በጁላይ 4 ቀን 1872 በመጀመሪያው የነፃነት በዓል ላይ በሆቴሉ ውስጥ አንድ በርሜል ቢራ መኖሩ ተሰማ። ሂዩሚስተን ገብቶ በርሜሉን በመጥረቢያ ሰባበረው። ወጣቶቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ለበርሜሉ የቀብር ሥነ ሥርዓት አዘጋጅተው፣ ከበሮ እየመቱ በሰልፍ ወስደው ቀበሩት! አዲስ ኮሚኒቲ ሲቋቋም ኮሚቴውና ወጣቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ አይተን እናውቅ የለ?

አንበጣው

ሰፋሪዎቹ የመጡት በክፉ ጊዜ ነው። በጃንዋሪ 7 ቀን 1873 ጠዋት ቀኑ ለስለስ ያለ ነበር። ሰው ወደ ከተማ፣ ወደ ጎረቤት ወጣ። ድንገት የበረዶ ማዕበል መጣና ለሦስት ቀን ሰማይና ምድሩን አንድ አደረገው። በሚኒሶታ ቢያንስ 70 ሰው እንደሞተ ይነገራል። አንዳንዱ ከገዛ ቤቱ ጥቂት እርምጃ ርቆ ነው የተገኘው።

በዚያው ዓመት በጋው ሲገባ ደግሞ አንበጣ መጣ። እኛ በ2020 በቱርካና ላይ የወረደውን አንበጣ ያየን ሰዎች ነን፤ ፀሐይ ስትጋረድና ቅጠል ሲያልቅ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። የእነሱ ግን ከ1873 እስከ 1877 ድረስ በየዓመቱ ተመላለሰ። ስንዴውን በላ፣ አትክልቱን በላ፤ እንቁላሉን አፈር ውስጥ ጥሎ ለሚቀጥለው ዓመት ራሱን ዘራ። ኖብልስ ክፉኛ ከተመቱት ካውንቲዎች አንዱ ነበር። ብዙዎች ጋሪያቸውን ጭነው መሬቱን ጥለው ወጡ።

የቀሩት እርዳታ ጠየቁ። እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ። ባለሥልጣናቱ እርዳታ ሰውን ያሰንፋል ብለው ይፈሩ ነበር። ገበሬው ዘርና ቀለብ ለማግኘት ምንም የሌለው መሆኑን በመሐላ እንዲያረጋግጥ ይጠየቅ ነበር። ዛሬ «እውነተኛ ችግረኛ ማን ነው?» ተብለን ስንጣራ አዲስ ነገር የመጣብን ይመስለናል፤ የእነዚያ ነጭ ገበሬዎች አያቶችም ተሰልፈውበታል።

አገረ ገዥው ጆን ፒልስበሪ አፕሪል 26 ቀን 1877 የጸሎት ቀን እንዲሆን አወጀ። በዚያው በጋ አንበጣው ተነሥቶ ሄደ። ያ የአንበጣ ዝርያ ከጊዜ በኋላ ከምድር ጠፍቷል፤ በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1902 ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰው ጎረፈ። በ1880 የካውንቲው ሕዝብ 4,435 ነበር፤ በ1900 ወደ 15,000 ተጠጋ። ጀርመኖች፣ ኖርዌጆች፣ ስዊድኖችና ሆላንዶች መጡ። በአድሪያን ከተማ ዙሪያ ደግሞ ጳጳሱ ጆን አየርላንድ ካቶሊኮችን አሰፈሩ። ሁሉም በየቋንቋው ጸሎት ቤት ሠራ። ረግረጉን ከመሬት በታች በተቀበረ የሸክላ ቱቦ አጠንፍፈው እርሻ አደረጉት። ዛሬ የምታዩት የበቆሎና የአኩሪ አተር ባሕር ከዚያ የመጣ ነው።

ከሌላው ቀድሞ የመጣ ሰው ግን ሁልጊዜ ባለቤት ነኝ ይላል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ሚኒሶታ ውስጥ ጀርመንኛ የሚናገር ሁሉ ተጠረጠረ። በ1918 በጎረቤቱ በሮክ ካውንቲ አንድ የጀርመን ዘር ገበሬ ጭምብል ባጠለቁ ሰዎች ተይዞ ተገረፈ፤ ሬንጅና ላባም ተቀባ። የዚያ አካባቢ ብዙ ነዋሪ ዛሬ የእነዚያው ጀርመኖች የልጅ ልጅ ነው።

አገሩ ሲራቆትና ሲሞላ

ትራክተሩ ሲመጣ ብዙ ሰው ሳያስፈልግ ሰፊ መሬት ማረስ ተቻለ። ልጆቹ ተምረው ወደ ትልቅ ከተማ ሄዱ። በ1960 ካውንቲው 23,365 ሰው ነበረው፤ በ1990 ወደ 20,098 ወረደ። ትምህርት ቤትና ሱቅ የሚዘጋበት፣ ሽማግሌ የሚበዛበት ገጠር ሆነ።

ይህን የለወጠው በወርዚንግተን ዳር ያለው የዐሣማ ሥጋ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው በ1964 ተከፈተ። በመጀመሪያ ሠራተኞቹ የአካባቢው ልጆች ነበሩ፤ ደመወዙም ቤት የሚያሠራ ነበር። በ1980ዎቹ በመላው አሜሪካ የሥጋ ፋብሪካዎች ደመወዝ ሲወርድና የሥራው ፍጥነት ሲጨምር ነባሩ ሰው እየተወው ሄደ። በምትኩ የመጡት ከላኦስ የተሰደዱ፣ ከዚያ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ፣ ከዚያም ከእኛ አካባቢ የሄዱ ሰዎች ናቸው። የወርዚንግተን ከተማ በ1990 ከነበራት 9,977 ሰው በ2020 ወደ 13,947 አደገች። ጎረቤቶቹ መሪና ጃክሰን ካውንቲዎች ከ2000 እስከ 2020 ሕዝባቸው ሲቀንስ የኖብልስ ጨመረ።

መጨመሩ ግን ያለ ጠብ አልሆነም። በዲሴምበር 12 ቀን 2006 የፌዴራል የኢሚግሬሽን ፖሊሶች በስድስት ከተሞች ያሉ የአንድ ኩባንያ ፋብሪካዎችን በአንድ ጊዜ ከበቡ፤ የወርዚንግተኑም አንዱ ነበር። በዚያች ከተማ ብቻ ከ200 በላይ ሰው ተያዘ፤ በጠቅላላው 1,300 ያህል። ቀኑ የሜክሲኮ ካቶሊኮች እመቤታችንን የሚያከብሩበት ትልቅ በዓል ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ወላጃቸውን ያጡ ልጆች ነበሩ።

የትምህርት ቤቱ ጉዳይም እንዲሁ ነው። በስደተኛ ልጆች ምክንያት ክፍሎቹ ሲጣበቡ ከተማው ግብር ጨምሮ ትምህርት ቤት እንዲሠራ ድምፅ ተሰጠ። አምስት ጊዜ ውድቅ ሆነ። የመሬት ግብር የሚከብዳቸው ገበሬዎች «አንችልም» አሉ፤ ከዚያ ውስጥ «ለነሱ ልጆች ለምን?» የሚልም ነበረበት። በኖቬምበር 2019 ለስድስተኛ ጊዜ ሲቀርብ በጠባብ ልዩነት አለፈ። እንግዲህ ከሁለቱም ወገን መናገር ካስፈለገ፣ አምስት ጊዜ እምቢ ያለውም፣ ስድስተኛውን እሺ ያለውም ያው የአንድ አገር ሰው ነው።

በአፕሪል 2020 ደግሞ ኮሮና ፋብሪካው ውስጥ ገብቶ ብዙ ሠራተኛ ስለታመመ ሥራው ለጥቂት ሳምንታት ቆመ። ያን ጊዜ ገበሬው የደረሰ ዐሣማውን የሚወስድለት አጣ። በመስመሩ ላይ የቆመው ስደተኛና በእርሻው ላይ ያለው ነጭ ገበሬ በአንድ ገመድ የታሰሩ መሆናቸው ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

ለሚደውልና ለሚጠብቅ ሰው

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ዘመዱ እዚያ ያለ ሰው የሚከተለውን ቢይዝ መልካም ነው።

አንደኛ፣ ሥራው ከባድ ነው። ብርድ ክፍል ውስጥ ቢላ ይዞ አንዱን ዓይነት እንቅስቃሴ በቀን ሺህ ጊዜ መድገም ነው፤ እጅና ትከሻ ይጎዳል። ብዙዎቻችን፣ ኦርቶዶክስም ሆንን ሙስሊም፣ ዐሣማ አንበላም። የማይበላውን ሥጋ ሲቆርጥ የሚውል ሰው በልቡ የሚይዘው ነገር አለ፤ በስልክ አይናገረውም። ብር ሲልክላችሁ ይህንንም አስቡለት።

ሁለተኛ፣ ስልክ ካላነሣ ቶሎ አትቀየሙ። በእነሱ ብርድ ወራት እኛ በዘጠኝ ሰዓት፣ በሌላው ጊዜ በስምንት ሰዓት እንቀድማቸዋለን። እዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ በብርዱ ወራት እኩለ ሌሊት ነው፤ የማታ ፈረቃ የሚሠራው ገና ቤቱ መግባቱ ነው።

ሦስተኛ፣ አሜሪካ ከገቡ በኋላ በተመደቡበት ከተማ የመቅረት ግዴታ የለም። ወርዚንግተን ካሉት ብዙዎቹ ሌላ ስቴት አርፈው ሥራ ፍለጋ የሄዱ ናቸው። በአንጻሩ መኪናና መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው በዚያ ሜዳ ላይ እግር እንደሌለው ነው።

አራተኛ፣ ሁሉም ነገር ጨለማ አይደለም። ከተማዋ ከ1939 ጀምሮ በየሴፕቴምበሩ የተርኪ በዓል ታከብራለች። ተርኪ የሚሉትን ትልቅ ዶሮ በዋናው መንገድ ላይ ያሽቀዳድሙታል፤ የእነሱ ተወዳዳሪ ስሙ «ደመወዝ» ነው፤ ቶሎ ስለሚሮጥና ስለሚያልቅ! ይህን ቀልድ የሠራ ሰው ከእኛ የተለየ ፍጥረት ነው ትላላችሁ?

ውኃውን እንኳ ብታዩ ትምህርት አለው። ሐይቅ ዳር የተቀመጠችው ወርዚንግተን የመጠጥ ውኃ ሲያጥራት ለዓመታት ተከራክራና ጠብቃ በ2018 ከሚዙሪ ወንዝ ዳር፣ ከሌላ ስቴት በቱቦ አስመጣች። ታራች ላጋ ደርቆ አሸዋውን ቆፍረን የምንቀዳ ሰዎች ይህን ስንሰማ ፈገግ እንላለን። ውኃ የሌለበት ሰው እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው።

የዚያ ካውንቲ ታሪክ ሲጠቃለል ይሄው ነው፦ መጀመሪያ የነበሩትን አባረረ፤ ከዚያ በኋላ የኖረው ግን በመጪ ሰው ነው። አንዱ መጪ ሌላውን መጪ ተጠራጠረው፤ በመጨረሻ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በሩ መቼ እንደሚከፈት ልንነግራችሁ አንችልም፤ ማንም «እኔ አውቃለሁ፣ ትንሽ ገንዘብ አምጣ» ቢላችሁ አትመኑት። ነገር ግን የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀውን ነገር አውቆ ቢጠብቅ ይሻላል። ገነት አይደለም፤ ሲኦልም አይደለም። ሰው ተርቦበት፣ አልቅሶበት፣ አርሶበት የቆየ አገር ነው።

ዘመድ እዚያ ያላችሁ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ በሚቀጥለው ጥሪ አንድ ነገር ጠይቁልን። ከብሩና ከብርዱ በኋላ «የሐይቁ ስም ምን ማለት ነው?» በሉት። ካላወቀ እናንተ ንገሩት።

ቸር ይግጠመን።

ዝግጅት ክፍሉ